ለጎረቤት የተላለፈ እጣ

እትዬ እጅጋየሁን ያወቅኋት ጥያቄ ልጠይቃት ሄጄ ነው። መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ወንጀል ከበዛበት ሰፈር ወጥቶ ጥሩ ትምህርት ቤትና ሥራ ወዳለበት ቢዛወር ኑሮው ይቀየር ይሆን ወይ ብለው የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ጥያቄውን እነሱ ይጽፋሉ፤ እኔ ደግሞ አማርኛ ስለምችል በታብሌት ተሸክሜው ከቤት ቤት እዞራለሁ። ሥራ፣ የልጆች ውጤት፣ ስርቆት፣ ተኩስ፣ ፖሊስ፣ እንቅልፍ፣ የማይጠየቅ ነገር የለም። የማያውቁትን ሰው በገዛ ሳሎኑ አስቀምጦ «ባለፈው ወር ምን ያህል ጊዜ ተስፋ ቆረጡ?» ማለት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። እኔ እስካሁን አልለመድኩትም።

ቤቷ ሲታክ በምትባለው የአየር ማረፊያ ከተማ ነበር፤ ከኢንተርናሽናል ቡለቫርድ ጀርባ፣ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ጥቂት የሚቀረው አፓርትመንት ውስጥ። የዚያ ሕንፃ ሰዎች አውሮፕላን ሲመጣ ወሬያቸውን መሀል ላይ ያቆሙና ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መጠይቁ «እርስዎ» ስለሚል እኔም እርስዎ እያልኩ ጀመርኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ አስቆመችኝ።

«ስማ ፋኑኤል፣ ገና ሃምሳ አልሞላኝም። እትዬ በለኝና አንቺ እያልክ ቀጥል፤ ደሞ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሆና ቀረች።

የደሴ ልጅ ናት። ዲቪ ደርሷት ከባለቤቷና ከልጇ ከኤዶም ጋር መጣች፤ ባለቤቷን እዚሁ በሕመም አጣችው። አየር ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ለዓመታት ክፍል ስታጸዳ ቆይታ አሁን የአጽጂዎቹ ተቆጣጣሪ ሆናለች። ሥራው ወገቧን በልቶታል፤ ስትነሳ ጠረጴዛውን ትደገፋለች፤ አያችሁኝ ብላ ደግሞ ትቆጣለች። ሆቴሉ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ይሏታል፤ ክብሯ ግን እዚያ አይደለም። የእቁብ ዳኛ ናት።

እቁቡ የሴቶች ነው። ሆቴል የሚሠሩ አሉ፣ የአየር ማረፊያው ፓርኪንግ የሚሠሩ አሉ፣ ዊልቸር የሚገፉ አሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጴንጤውም። የሚሰበሰቡት ሕንፃው ሥር ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ ሰፊ እሱ ብቻ ነዋ። እቁባቸው አንድ የቆየ ወግ አለው። እጣ የወጣላት ሴት ከእሷ ይልቅ የጨነቃት ካለች «ለእገሌ ይለፍልኝ» ትላለች፣ ዳኛዋ ትፈቅዳለች፣ ተራቸውን ይለዋወጣሉ፣ አለቀ። ሰው ለሞተባት፣ ለታመመች፣ ልጅ ለምትድር ስንት ጊዜ አልፏል። እትዬ እጅጋየሁ አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። እንዲያውም የጨነቃት እያለች እጣዋን ይዛ ውልቅ ልትል ያሰበችውን ሴት በዓይኗ ብቻ ታስቆማታለች።

የእኛ ጥናትም በእጣ ነው የሚሠራው። ተመዝጋቢው ብዙ ነው፣ እርዳታው ለግማሹ እንኳ አይበቃም። እጣ የወጣለት ቤተሰብ ቤት የሚያፈላልግለት ሰው ይመደብለታል፣ ከአከራይ ጋር ይነጋገሩለታል፣ የመዛወሪያ ወጪውንና የኪራዩን ድጎማ ያገኛል፤ ሰላማዊ ሰፈር፣ ጥሩ ትምህርት ቤት። ያልወጣለት ባለበት ይቀመጣል። ሁለቱም ወገን ግን በየዓመቱ ይጠየቃል። ይህን ለሰው ሳስረዳ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ይቀንሳል፤ «ባለበት ይቀመጣል» የምትለዋ ላይ።

እትዬ እጅጋየሁ ያለችበት ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ ፓርኪንጉን ፊት ለፊት የምታይ ቤት ውስጥ ቢልቂስ ትኖራለች። የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆነች ከእትዬ እጅጋየሁ ጋር ወሎዬነት አገናኝቷቸዋል። ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ከባሏ ተፋትታ ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች፤ ትልቋ ሚሪያም አሥር ዓመቷ ነበር፣ ሁለቱ ወንዶች ገና ትንንሾች ናቸው። በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ፓርኪንጉ ውስጥ ወጣቶች ተታኮሱና አንዷ ጥይት የቢልቂስን የወጥ ቤት ግድግዳ በስታ ገባች። ሚሪያም ሳህን እያጠበች ነበር። ጥይቷ ማንንም አልነካችም። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ባዶው ገንዳ ውስጥ ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላ ሆነ። ለጥያቄ ስሄድ እዚያው አገኘኋትና ደህና ነሽ ወይ ብላት «አይ አም ፋይን» አለችኝ፣ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሳ። አንጀቴን በላችው።

ጎረቤታሞቹ ለጥናቱ አብረው ተመዘገቡ። እጣው ለእትዬ እጅጋየሁ ወጣ፤ ለቢልቂስ አልወጣም።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በሚቀጥለው የእቁብ እሑድ እትዬ እጅጋየሁ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቆማ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ የዩኒቨርሲቲው እጣ ለቢልቂስ ይለፍልኝ አለች። የእኔ ኤዶም ሃይስኩል ልትጨርስ ነው፣ ጥይት የገባው እሷ ቤት ነው አለች። ዳኛዋ ራሷ ስለሆነች ፈቃጅም ጠያቂም እሷው ሆነች። ሴቶቹ መረቋት፤ ቢልቂስ ጉልበቷን ልትስም ስትል በትከሻዋ ያዘቻት። ነገሩ በእነሱ ዘንድ አለቀ ተፈጸመ። ቢልቂስ ያንኑ ሳምንት ከኤርፖርት ባዶ ካርቶን እያመጣች ዕቃዋን መክተት ጀመረች። ሚሪያም አስተማሪዋን ልሄድ ነው ብላ ተሰናበተች።

እኔ ጋ የተደወለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለማሳወቅ። ቤት የሚያፈላልገው ሰውዬ ለቢልቂስ ኮል ያድርግላት፣ ስልኳን ልስጥህ አለችኝ። እጄን ግንባሬ ላይ ጫንኩ። አይቻልም እትዬ አልኳት። ለምን እንደማይቻል ለማስረዳት ለሥራ የሄድኩበት ቤት በር ላይ፣ ከመኪናዬ ሳልወርድ በስልክ ብዙ ለፋሁ። የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን የምናነጻጽረው፣ ከእጣው በቀር በሌላ ስለማይለያዩ ነው፤ ሰው እያየ ለባሰበት ካስተላለፈ ለውጡ ከሰፈሩ ይምጣ ከሌላ ነገር አይታወቅም፤ ካልታወቀ ደግሞ መንግሥት ለሁሉም እንዲያደርገው ማሳመን አይቻልም። ይህን የምለው አምኜበት ነው፣ አሁንም አምንበታለሁ። ዋናዋ ተመራማሪ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሰው ለሰው አዝኖ እጣውን ከለወጠ ጥናቱ ለሚቀጥሉት ሺህ ቤተሰቦች ምንም እንደማይናገር አሥር ጊዜ ነግራናለች።

እትዬ እጅጋየሁ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ገባኝ» አለች። «እኔ ግን እጣ ስጥል ኖሬያለሁ ፋኑኤል። እጣ የሚጣለው ጠብ እንዳይነሳ ነው። ከወጣ በኋላ ሰው ይተያያል።»

«የእኛ እጣ ሰው እንዳይተያይበት የተሠራ ነው እትዬ።»

እንዲህ ብዬ ራሴን ጠላሁት። ሐሰት ግን አልነበረም። እሷም አልተቆጣችም፤ «ሶ ቢልቂስን ምን ልበላት?» አለችኝ።

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ኩርፊያ ነው ብትሉ አልከራከርም። እኔም አልሄድም አለች። በሰው ፊት ቃል ሰጥቼ፣ ካርቶን አስጭኜ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እኔ ብቻ ሙቭ ላደርግ? አሳፋሪ ነው አለች። ቤት የሚያፈላልገው ሰው ሲደውል ስልኩን አታነሳም። ከኩርፊያዋ የመለሰቻት ራሷ ቢልቂስ ናት። ከሥራ ስትመለስ የአየር ማረፊያውን ሰደርያ እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ የእትዬ እጅጋየሁን በር አንኳኳች።

«አንቺ ስለቀረሽ እኔ እሄዳለሁ?» አለቻት። «ለእኔ ብለሽ ኤዶምንም እዚህ ልታስቀሪያት ነው? ይህን በደል በእኔ ስም አታድርጊው።»

ኤዶምን ስትጠራባት እትዬ እጅጋየሁ ተሸነፈች። ልጅቷ ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ስትል ከርማለች፤ ከእናቷ ጋር የተከራከረችው ግን በእንግሊዝኛ ስለነበር ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ጠፍቶ ነበር። ያን ምሽት እናትየው እሄዳለሁ ብላ ልብሷን ስታጥፍ ቢልቂስ አብራ አጠፈችላት። ቤቱም ተገኘ፤ ከትልቁ ሐይቅ ማዶ፣ ኪርክላንድ በምትባል ከተማ፣ ዛፍ የበዛበት መንገድ ላይ።

ግን እትዬ እጅጋየሁ ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት አይደለችም። ከመዛወሯ በፊት ቢልቂስን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሚሪያምን ስጪኝ አለቻት፤ ከእኔ ጋር ትሁን፣ እዚያ ትማር፣ አርብ አርብ አመጣልሻለሁ። አገር ቤት ልጅ አክስቱ ዘንድ ሆኖ መማሩ ማንንም አይገርምም፤ ግማሻችን እንደዚያ አይደል ያደግነው? ቢልቂስ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄን የማሳድርበት አላጣሁም» አለች።

ለእኔ በኋላ የነገረችኝ ፍርሃቷ ሌላ ነው። ልጅ የሚያበላውን ይከተላል አለችኝ። ዛሬ ለትምህርት ትሄዳለች፣ ነገ ሰፊውን ቤት ትለምዳለች፣ ከነገ ወዲያ እናቷ ጋ ስትመጣ እንግዳ ትሆናለች። ጥይቱን ብፈራም ይህንን የበለጠ ፈራሁ አለች። ሁለቱ ሴቶች ሳይጣሉ ተኳረፉ፤ ወደ ኪርክላንድ ዕቃ ሲጫን ቢልቂስ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ቀረች።

ክረምቱ ሊያልቅ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀር፣ ፓርኪንጉ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንደገና ተተኮሰ። አንድ ልጅ ቆሰለ። ቢልቂስ ከሥራ ስትመጣ ሚሪያም ሁለቱን ወንድሞቿን ገንዳው ውስጥ አስተኝታ እላያቸው ላይ ተጋድማ አገኘቻት። በነጋታው ያልተሞላ ሻንጣ ይዛ፣ ሚሪያምን ይዛ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ኪርክላንድ ሄደች። በሩ ሲከፈት ሰላምታም አልቀደመም፤ «ትማርልኝ» ብቻ አለች፤ ትንንሾቹን ጎረቤት ትታ ስለመጣች ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ተመለሰች። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ፊርማ በሌላ ቀን ተያይዘው ሄደው ጨረሱ።

እኔ ነገሩን ስሰማ ለዋናዋ ተመራማሪ ነገርኳት፤ መንገር ግዴታዬ ነው። እጣ ያልወጣለት ቤት ልጅ፣ እጣ የወጣለት ሰፈር ገባች ማለት ለጥናት ሰው ጉድ ነው። እሷ ግን አልጮኸችም። ሰው ኑሮውን ይኖራል፣ የእኛ ሥራ የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ነው አለችኝ። ስለዚህ ዓመቱ ሞልቶ የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ታብሌቴን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ኪርክላንድ ሄድኩ። እትዬ እጅጋየሁ ትንሽ ከስታለች። ሥራዋ አሁንም ሲታክ ስለሆነ መንገዱ ረዝሞባታል። ሰፈሩ ሰላም ነው፤ ጎረቤቶቿ ፈገግ ብለው ሰላም ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ፤ ስኳር ቢያልቅባት የማንን በር እንደምታንኳኳ አታውቅም። እቁቧን ግን አልተወችም። ወጥ ቤቷን አሳየችኝ። ለሚሪያም ለብቻ ድስት፣ ለብቻ ቢላዋ አላት፤ ሥጋውን ከሲታክ ሐላል ቤት ነው የምታመጣው። ሁዳዴን እሷ ሽሮ እየበላች ለልጅቷ ጥብስ ስትጠብስ ከረመች፤ ሽታው ፈተና ሆነብኝ ብላ ሳቀች። ሚሪያም መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ውጭ መኪና ሲያልፍ ቀና አላለችም። ኤዶም ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ባለ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ጀምራለች።

መጠይቁ የሚጀምረው ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድሩትን በመቁጠር ነው።

«እኔና ኤዶም» አለች እትዬ እጅጋየሁ።

ሚሪያምስ አልኳት፤ በደንቡ የሚቆጠረው የሚያድር ሰው መሆኑን አስረዳኋት። እሷም ልጅቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሚሪያም የእናቷ ናት። እኔ ዘንድ ለትምህርት ነው ያለችው። በሰው ልጅ ቤቴን አላደምቅም፤ ከእናቷ ቤት ቁጠራት።»

ብዙ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች። ደንቡ ደግሞ ተጠያቂው ያለውን ጻፍ ይላል። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ቢልቂስ ስላለች እሷ ትቆጥራታለች ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲታክ፣ ቢልቂስ ቤት ገባሁ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ከዱሮው ጋር ስላልገጠመ ቦታው አሁንም ይለያል። ወንዶቹ ሶፋው ላይ ይዘላሉ። ቢልቂስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት።

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። እኔ አለች። ወንዶቹን አለች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ሦስት» አለች።

«ሚሪያምስ?»

«እዚያ አይደል የምታድረው።» ወንዶቹን ገፍታ ወደ መኝታ ቤት ላከቻቸውና በሩን ዘጋች። «የምታበላት እጅጋየሁ ናት። ፀጉሯን የምትሠራት እሷ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ የምትሄድላት እሷ። እኔ ዘንድ አርብ ትመጣለች፣ እሑድ ትሄዳለች። ባለፈው ዕቃ ስታነሳ ‹እዚህ ሳህኑ የት ነው የሚቀመጠው?› አለችኝ። በገዛ ቤቷ። ሌላ ሰው እያሳደጋት የእኔ ናት ማለት ነውር ነው፤ የእሷ ቤት ቁጠራት።»

ሁለቱም ቤት ሳትቆጠር መቅረቷ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሁለት ሴቶች እየተከባበሩ ልጅቷን አንዷ ለሌላዋ ሰጥተው፣ በእኛ ጥናት ውስጥ ሚሪያም የምትባል ልጅ የለችም። ታብሌቱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። የአንዱን ቤት መልስ ለሌላው ቤት መናገር በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ሥራ ስጀምር ፈርሜበታለሁ፣ ክልክሉም ትክክል ነው። የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የልባቸውን የሚነግሩኝ እሱን አምነው ነው።

ቢልቂስ ፊቴን አየችው። «ምነው? እሷ ቆጥራት የለ?»

«አልቆጠረቻትም» አልኩ። «ቁጠሪያት ብላት እምቢ አለች። ሚሪያም የእናቷ ናት፣ ከእናቷ ቤት ቁጠራት ነው ያለችኝ።»

አውሮፕላን መጣ። ሁለታችንም እስኪያልፍ ጠበቅን። የሻርፗን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በእጇ ታስተካክለው ጀመር።

«እንደዚያ ነው ያለችው?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

«እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ልጄን ሰጠኋት፣ በገዛ እጄ ሰጠኋት እያልኩ ነው የማድረው» አለች። «ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን የማስበው እሱን ነው።»

መንገሬ በደንቡ ስህተት ነው። ሰኞ ቢሮ ስገባ ለዋናዋ ተመራማሪ ሁሉንም መናገር ይኖርብኛል፣ ሥራዬንም ሊያሳጣኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ግን ይህን አልነበረም። ቢልቂስ ወደ ታብሌቱ ጠጋ ብላ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።

«አራት በል» አለች።

ሦስቱን አጥፍቼ አራት ጻፍኩ።